ሐዲቃ ስንወጣ ልናውቀው የሚገባን

ዛሬ የምነግራችሁ እኛ መናፈሻ፣ የአገሩ ሰው ሐዲቃ ስለሚለው ቦታ ነው። እኔ የምኖረው ሰናኢያ ነው። ሰናኢያ የፋብሪካ፣ የጋራዥና የመጋዘን ሰፈር ስለሆነ ጥላና ሣር የፈለገ ሰው ወደ ከተማው መሃል መሄድ አለበት። ማለዝ ያለው የንጉሥ አብደላ መናፈሻና ከዲራ ብዙ የማይርቀው የሰላም መናፈሻ የታወቁ ናቸው።

«እዚያ ገብተን ብንቀመጥ ምንም አይሉንም?» ብላችሁ ደጋግማችሁ ጠይቃችሁኛል። የከተማው መናፈሻ ለአገሩ ሰውም ለእንግዳውም የተሠራ ነው፤ መቀመጥ ይፈቀዳል። ነገር ግን ደንቡን አለማወቅ በሁለት መንገድ ይጎዳናል። አንዷ ፈርታ ዓመት ሙሉ ከአሠሪዋ ግቢ ሳትወጣ ትቀራለች። ሌላዋ ደፍራ ትወጣና ባላወቀችው ነገር የወር ደመወዟን በቅጣት ታጣለች። ደንቡን ያወቀች ግን ያለ ፍርሃት ተቀምጣ፣ አየር ተቀብላ ትመለሳለች።

መጀመሪያ ስለ ዕረፍቱ ቀን ላንሣ። የቤት ሠራተኛ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት እንዲኖራት በሳዑዲ ሕግ የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው አዲሱ ደንብ ደግሞ ዕረፍቱ ከ24 ተከታታይ ሰዓት እንዳያንስ ይላል። ስለዚህ የዕረፍት ቀን ስንጠይቅ ልመና አይደለም፤ አጠያየቃችን ግን በትሕትና ይሁን። ቀኑን ከማዳም ጋር ቀድማችሁ ተስማሙ። የት እንደምትሄዱና በስንት ሰዓት እንደምትመለሱ በዋትስአፕ ጽፋችሁ ላኩላት። «ሠራተኛዬ ጠፋች» የሚል የሁሩብ ክስ የብዙ ሰው ሕይወት አበላሽቷል፤ የላካችሁት መልእክት ስልካችሁ ላይ ይቀራል። ከሄዳችሁበት ብትዘገዩም ደውሉ።

ኢቃማችሁን ሳትይዙ ከበር አትውጡ። ወረቀቱ ቢረሳ በአብሸር መተግበሪያ ስልክ ላይ የሚወጣው ኢቃማም አለ፤ ቀድማችሁ አውጡት። ኢቃማ ያልወጣላት እኅት ካለች አሠሪዋን ትጠይቅ፤ መልስ ካጣች ሪያድ ላለው ኤምባሲያችን ታመልክት። ዝም ብሎ መጠበቅ ነገሩን ያከብደዋል።

አሁን ወደ ሐዲቃው እንግባ። እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2019 ጀምሮ በሳዑዲ የአደባባይ ሥነ ሥርዓት ደንብ ይሠራል። በደንቡ 19 ጥፋቶች ከነቅጣታቸው ተዘርዝረዋል፤ ጥፋቱ በዓመት ውስጥ ከተደገመ ቅጣቱ እጥፍ ይሆናል። እኛን የሚነኩትን ልቁጠርላችሁ። ቆሻሻ መጣልና ምራቅ መትፋት 500 ሪያል ነው። ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች የተለየ መቀመጫ ላይ መቀመጥ 200 ሪያል። አጥር ወይም መከለያ ዘሎ መግባት 500። ሰልፍ ጥሶ መቅደም 50። እንግዲህ የፍሬ ልጣጭና የፈንዲሻ ከረጢት ሣር ላይ ትቶ መሄድ ለስንቶቻችን የግማሽ ወር ድካም እንደሆነ አስቡት። አንድ ባዶ ፌስታል ይዛችሁ ውጡ፤ ስትነሡ የተቀመጣችሁበትን ዙሪያ አይታችሁ ልቀሙ።

ስለ ቡና ደግሞ እንነጋገር። የእኛ ሰው ተሰብስቦ ያለ ቡና አይሆንለትም፤ ጀበናና የከሰል ማንደጃ ይዞ ሣር ላይ መቀመጥ ያምረዋል። ነገር ግን ከተፈቀደው ቦታ ውጭ እሳት ማንደድ 100 ሪያል ያስቀጣል፤ ሲደገም 200። ምክንያቱም ከባድ አይደለም። ሪያድ በረሃ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ሣሩ የሚበቅለው በዝናብ ሳይሆን በመስኖ ነው። አንድ ፍም ከወደቀበት ያ ሁሉ ውሃ የጠጣ ሣር ይከስላል፤ ልጅም ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ ቡናው ቤት ይፈላ፤ አቦሉን በአንድ ፔርሙስ፣ ቶናውን በሌላ ፔርሙስ ይዛችሁ ኑ። በረካው ቢቀር ማንም አይቀየምም። ዕጣኑም ቤት ይቆይ።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ፎቶ ነው። ራሳችሁን አንሡ፣ አበባውን አንሡ። ከኋላችሁ ግን የሌላ ሰው ቤተሰብ እንዳይገባ ተጠንቀቁ። ሰውን ሳያስፈቅዱ ፎቶ ወይም ቪዲዮ ማንሣት 1000 ሪያል ያስቀጣል፤ ሲደገም 2000። ምስሉን በስልክ የሰውን ገመና ለመድፈር የተጠቀመ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው የኢንተርኔት ወንጀል ሕግ እስከ 1 ዓመት እስርና እስከ 500 ሺህ ሪያል ሊቀጣ ይችላል። የአገሩ ሴቶች በፎቶ መታየትን እንደ ክብር መደፈር ያዩታል። ቲክቶክ ላይ የምትለቁትን ከመልቀቃችሁ በፊት ከዳር እስከ ዳር እዩት።

ከአሠሪዎቻችሁ ልጆች ጋር የምትመጡ እኅቶች ደግሞ ይህን አስተውሉ። ያን ቀን እናንተ በሥራ ላይ ናችሁ። የልጆቹን ፎቶ ያለ እናታቸው ፈቃድ ለማንም አትላኩ። ዓይናችሁ ከመጫወቻው አይነሣ፤ ከጓደኛ ጋር መጨዋወት ቢያምራችሁም ፊታችሁን ወደ ልጆቹ አድርጋችሁ ተቀመጡ። የጠፋ ልጅ በደቂቃ ውስጥ ካልተገኘ ለመናፈሻው ጠባቂ ንገሩ፤ ወዲያው ለማዳም ደውሉ። ቁጣን ፈርቶ መደበቅ ነገሩን ያብሳል።

ልብስን በተመለከተ፣ የአገሩ አልጋ ወራሽ እ.ኤ.አ. በማርች 2018 ሕጉ ጥቁር ዓባያ ብቻ ልበሱ እንደማይል፣ ጨዋ ልብስ መልበስ እንደሚገባ ተናግረዋል። ጨዋነት የጎደለው ልብስ ግን 100 ሪያል ያስቀጣል። የእኔ ምክር ዓባያችሁን ልበሱ ነው፤ ሰው ዓይን ውስጥ ሳትገቡ፣ በነፃነት ትቀመጣላችሁ።

የጸሎት ነገርም አለ። አዛን ሲባል ሙዚቃ ይዘጋ፤ በሰላት ሰዓት ሙዚቃ ማሰማት 1000 ሪያል ነው። በረመዳን ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ በአደባባይ መብላትና መጠጣት ሙስሊም ላልሆነውም የተከለከለ ነው፤ ከአገር እስከ መባረር ያደርሳል። የእኛንም ነገር እንወቅ፦ በዚህ አገር ከእስልምና ውጭ ያለ የአደባባይ አምልኮ አይፈቀድም። ስለዚህ በሐዲቃ ተሰብስቦ መዘመር፣ መጽሐፍ ከፍቶ ማንበብ፣ ማዕተብን አውጥቶ ማሳየት አይገባም። ይህን ማለቴ እምነታችሁን ካዱ ማለቴ አይደለም። ሐና በልቧ ስትናገር ድምፅዋ ሳይሰማ እግዚአብሔር ሰምቷታል። ዛፍ ሥር ተቀምጦ በልብ መጸለይን የሚከለክል የለም።

ደንቡ እኛን የሚቀጣ ብቻ ሳይሆን የሚጠብቀንም ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ሕግ ሴትን በቃልም ሆነ በድርጊት ማስቸገርን ወንጀል አድርጎታል፤ ቅጣቱ እስከ 2 ዓመት እስርና እስከ 100 ሺህ ሪያል ነው። ተከትሎ የሚያስቸግር ሰው ካለ አትሰዳደቡ፣ አትሩጡም። ቤተሰቦች ወደ ተቀመጡበት ሂዱ፤ ለጠባቂው ንገሩ፤ ሪያድ ላይ የፖሊሱ ስልክ 911 ነው። «ሹርጣ ነኝ» ብሎ በጥሬ ገንዘብ ቅጣት ለሚጠይቅ ሰው ገንዘብ አትስጡ፤ ቅጣት በስማችሁ ይመዘገባል እንጂ መንገድ ላይ በእጅ አይከፈልም። አብራችሁት መኪና ውስጥም አትግቡ።

በመጨረሻ ስለ ብዛታችን። አራት አምስት ሆናችሁ ተቀመጡ፤ ሠላሳ አርባ ሆኖ መከማቸት ግን ይቅር። ጠብ ከተነሣ፣ የወገናችን ጠብ ቢሆን እንኳ፣ ለማየት አትቅረቡ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2013 የኢቃማ ማስተካከያው ጊዜ አልቆ ፍተሻ ሲጀመር መንፉሓ ሰፈር ግጭት ተነሥቶ የወገኖቻችን ሕይወት ጠፍቷል። በተከታዮቹ ወራት ከ150 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመለሱ። በግርግር ውስጥ የቆመ ሰው ጥፋተኛና ንጹሕ ተብሎ አይለይም።

መሄጃው ቀላል ሆኗል። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ የከተማው አውቶቡስ፣ ከዲሴምበር 2024 ጀምሮ ደግሞ ሜትሮው ይሠራል፤ የ2 ሰዓት ትኬት 4 ሪያል ነው። በሜትሮው ቤተሰብ የሚል ጽሑፍ ባለበት ክፍል ግቡ። በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ ከዓስር በኋላ ውጡ፤ ውሃ ያዙ። ለመመለሻ የሚሆን ገንዘብና የስልክ ቻርጅ ሳይጎድል ተነሡ።

እኅቶቼ፣ ዕረፍት ቅንጦት አይደለም። ሳምንቱን ሙሉ በሰው ቤት ጎንበስ ብላ የምትውል ሴት በሳምንት አንድ ቀን ቀና ብላ ሰማይ ማየት ያስፈልጋታል። የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፦ ኢቃማ፣ ለማዳም የተላከ መልእክት፣ ፔርሙስና አንድ ባዶ ፌስታል። ይህን ወረቀት ያነበባችሁ፣ ማንበብ ለማትችለው እኅት አንብቡላት። በሰላም ወጥታችሁ በሰላም ግቡ።