በገጠር ቤት ስለሚቆራረጥ የሞባይል ኢንተርኔት

ከከተማ ርቆ የሚኖር ነጋዴ በዛሬው ጊዜ የገበያ ዋጋ የሚጠይቀው፤ የውል ቅጂ የሚቀበለውና ገንዘብ የሚያስተላልፈው በእጅ ስልኩ አማካይነት መሆኑ የታወቀ ነው። መሥመሩ ሲቆራረጥ የሚጎዳው ሥራው ብቻ ሳይሆን ስሙም ጭምር ነው። መልስ የዘገየበት ገዢ ነጋዴው ሐሳቡን ለውጧል ብሎ ይተረጉመዋል እንጂ ኔትወርክ ጠፍቶበት ይሆናል ብሎ አይጠብቅም።

በጌዴኦ ኮረብታዎች ሥር ቤት ያለውን አንድ የቡና አቅራቢ ለምሳሌ መውሰድ ይቻላል። ማታ በዋጋ መስማማቱን ሊገልጽ ሲል በስልኩ ላይ የኔትወርክ ምልክቱ ሞልቶ ይታየዋል፤ መልእክቱ ግን አይሄድም። እንዲህ ያለ ሰው ብዙውን ጊዜ በማግሥቱ ወደ ገበያ ወርዶ አንቴና ይገዛል። ይህም ሳይመረመሩ መድኃኒት እንደ መግዛት ያለ ነው።

ሕመሙ ሁለት ዓይነት መሆኑን አስቀድሞ መለየት ይገባል። አንደኛው፤ ምልክቱ ከማማው እስከ ቤቱ ሲመጣ ርቀት፤ ኮረብታና ግድግዳ አድክመውት መድረሱ ነው። ሁለተኛው፤ ምልክቱ ደኅና ሳለ በአንዱ ማማ ብዙ ሰው በአንድ ሰዓት መጠቀሙ ነው። አንቴና የመጀመሪያውን ይረዳል፤ ሁለተኛውን ግን በአብዛኛው አይፈውስም።

ሁለቱን ለመለየት በስልክ ላይ የሚታዩት መሥመሮች አይበቁም፤ እያንዳንዱ ስልክ ሠሪ በራሱ ልክ ይሥላቸዋልና። እውነተኛው መለኪያ በብዙ ስልኮች ሴቲንግስ ውስጥ፤ ስለ ሲም ካርዱ በሚገልጸው ገጽ፤ ዲቢኤም ተብሎ የተጻፈው ቁጥር ነው። ቁጥሩ እንደ ዕዳ ከዜሮ በታች የሚነበብ ስለሆነ ያነሰው ዕዳ ይሻላል። በ4ጂ -85 መልካም፤ -100 መካከለኛ፤ -115 እጅግ ደካማ ነው። 10 በወረደ ቁጥር ኃይሉ ወደ አንድ አሥረኛ ስለሚቀንስ በ-85ና በ-115 መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሺህ እጥፍ ነው።

ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ለሦስት ቀን ያህል ንጋት በ12 ሰዓት፤ ቀትር ላይና ማታ በ2 ሰዓት ይህን ቁጥርና የኢንተርኔቱን ፍጥነት በደብተር መጻፍ ይጠቅማል። ቁጥሩ ሳይለወጥ ፍጥነቱ ማታ ብቻ የሚወድቅ ከሆነ ምክንያቱ መጨናነቅ ነው፤ ከባድ ሰነዶችን በማለዳ መላክ ወይም ሌላ አገልግሎት ሰጪ በአካባቢው ካለ የእርሱን ሲም ካርድ መሞከር ይሻላል። ቁጥሩ በሁሉም ሰዓት ደካማ ከሆነ ግን ችግሩ የቦታ ነው። መብራት ከጠፋ ጥቂት ሰዓት በኋላ በሰፈሩ ሁሉ ምልክቱ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ የማማው ባትሪ እያለቀ ሊሆን ስለሚችል በቤት ውስጥ የሚደረግ ነገር የለም፤ ደብተሩን ይዞ ለአገልግሎት ሰጪው ማመልከት ነው።

የቦታ ችግር አንዳንዴ ያለ ወጪ ይቃለላል። ቆርቆሮ ምልክትን ይመልሳል፤ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳም ያደክመዋል። በቆርቆሮ ቤት መካከል፤ ከቁም ሣጥን በስተኋላ የተቀመጠ ራውተር ወደ መስኮት ሲወጣ ቁጥሩ በ10 ወይም ከዚያ በላይ ቢሻሻል አያስደንቅም። ከ4ጂ ወደ 3ጂ የሚመላለስ መሣሪያ ደግሞ በየለውጡ ስለሚቋረጥ በአንዱ ላይ እንዲቆይ ማዘዝ ይቻላል።

ይህ ሁሉ ካልበቃ የውጭ አንቴና ይገዛል። አንቴናው በምሰሶ ላይ ከቆመ በኋላ በጥቂት በጥቂቱ እየዞረ፤ በየአቅጣጫው አንድ ሁለት ደቂቃ እየተጠበቀ ይለካል፤ ከኮረብታ ጀርባ ካለው ቅርብ ማማ በግልጽ የሚታየው ሩቁ ሊበልጥ ይችላልና። ብዙዎች የሚሳሳቱት በገመዱ ነው። 10 ሜትር የሚሆን ቀጭን ገመድ አንቴናው ከተቀበለው ኃይል ከግማሽ በላይ ሊበላ ስለሚችል፤ ራውተሩን ዝናብ በማይነካው ከፍታ ላይ ከአንቴናው አጠገብ አድርጎ ወደ ቤት በዋይፋይ ማስተላለፍ ይመረጣል። ምልክት አጉልተው መልሰው የሚያሰራጩ መሣሪያዎችን ግን ያለ ፈቃድ መትከል አይገባም፤ ማማውን አውከው የጎረቤትን መሥመር ጭምር ያበላሻሉ።

ኢንተርኔቱ ፈጽሞ በማይሠራበት ሰዓት የድምፅ ጥሪ የሚያልፍ ከሆነ፤ የቴሌብር ክፍያ *127# በመደወል ያለ ኢንተርኔት ሊፈጸም ይችላል፤ የዋጋ ስምምነቱም በአጭር የጽሑፍ መልእክት ለገዢው ሊደርሰው ይችላል።