ግንብን ከአናቱ የሚያፈርስ ውሃ

አገር ቤት የግንብ አጥር አናት ሲነሳ ቀድሞ የሚታሰበው ሌባ ነው። ሲሚንቶው ሳይደርቅ የጠርሙስ ስባሪ ይሰካበታል፣ አለቀ። በሲያትል የጓሮ አጥራቸውን በገዛ እጃቸው የሚገነቡ ወገኖች ግን ሌላ ጠላት አለባቸው፤ ዝናቡ።

የአዲስ አበባ ዓመታዊ ዝናብ ከሲያትል ይበልጣል ቢባል ብዙ ሰው አያምንም። እውነት ነው። ነገር ግን የአዲስ አበባው በክረምት ዶፉን አውርዶ ለፀሐይ ይለቃል። የሲያትል ካፊያ ከመኸር እስከ ፀደይ አይለቅም። አናቱ ያልተከደነ ግንብ ውሃ ይጠጣል፤ ብርድ ሲመጣ ውሃው በረዶ ሆኖ ያብጥና መጋጠሚያውን ይፈነቅላል።

ስለዚህ የክዳኑ ድንጋይ አናቱ ዘቅዘቅ ያለ፣ ከግንቡም በየጎኑ ሁለት ኢንች ያህል የወጣ ይሁን። ከሥሩ፣ ከጠርዙ ገባ ብሎ፣ ቀጭን ቦይ ይኑረው፤ ጠብታው እዚያ ሲደርስ በግንቡ ላይ መንሸራተቱን ትቶ መሬት ይወድቃል። ይህችን ቦይ የሚረሳው ብዙ ነው። መጀመሪያ የሁለቱ ዳር ድንጋዮች በውሃ ልክ ይቀመጣሉ፤ ሲባጎ ይወጠርና የቀሩት በእሱ ልክ ይደረደራሉ። ሲሚንቶው ከድንጋዩ ሥር ሙሉ ይነጠፍ እንጂ በየማዕዘኑ ብቻ ጠብ ጠብ አይደረግ። ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2001 ሲያትልን ባናወጠው፣ 6.8 በተለካው የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ከአሮጌ ሕንጻዎች አናት ጡብ ጎዳና ላይ ረግፏል። በአጥሩ ሥር የሚያልፈው የጎረቤት ልጅ ሊሆን ይችላል።

አፈር የሚደግፍ ግንብ ከመሠረቱ ግርጌ እስከ አናቱ ከ4 ጫማ ከበለጠ የከተማው ፈቃድ ያስፈልገዋል።

ለሥራው የሚመረጠው ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ አገር ቤት ግንበኛው ዝናብ ሸሽቶ በሚቀመጥበት፣ ሲያትል ግን በሚደርቅበት ወቅት።