ኮሶ ከወዴት ይመጣል?

ልጆች ሆይ፥ ኮሶ የደጋ ዛፍ ነው። አበባው የሆድ ትል ያስወጣል፤ ትሉም እንደ መድኃኒቱ ኮሶ ይባላል። በቀድሞ ዘመን ብርንዶ የሚወዱ አባቶቻችን በየሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጡ ነበር፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ተመልሰው ይታመሙ ነበር። የትሉ ራስ በአንጀት ከቀረ እንደ ገና ያድጋልና፤ ደግሞም ብርንዶውን አልተዉምና።

ሰው ሁሉ ኮሶ ከበሬ ይመጣል ይላል። እውነት ነው፤ በሬውስ ከማን ተቀበለው? ትሉ በሰው አንጀት ውስጥ 5 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ከ10 ሜትር የሚያልፍም አለ። ከጫፉ እየተቆረጠ የሚወጣው ቁራጭ እንቁላል የተሞላ ነው። ሰው በሜዳ ሲጸዳዳ እንቁላሉ በሣር ላይ ይቀራል፤ በሬም ከሣሩ ጋራ ይበላዋል። ከዚያም በሥጋው ውስጥ አተር የምታህል ከረጢት ሆኖ ይቀመጣል። ያን ሥጋ ጥሬውን የበላ ሰው በ3 ወር ያህል ጊዜ ውስጥ ረጅም ትል ይሸከማል። እንግዲህ በሬው የሚመልስልን እኛው የሰጠነውን ነው።

ዛሬ ሐኪም የሚሰጠው ኪኒን ትሉን ይገድላል፤ የታመመ ሰው ይህን ይውሰድ። ነገር ግን በሩን ክፍት ትቶ ሌባ ማባረር ከንቱ ድካም ነው። በሩም ሁለት ነው። አንዱ ሥጋን እስከ ውስጡ በማብሰል ይዘጋል፤ ሁለተኛው በመጸዳጃ ቤት በመጠቀም ይዘጋል። የፊተኛውን የዘጋ ራሱን ይጠብቃል፤ የኋለኛውን የዘጋ ግን የማያውቀውን ባልንጀራውን ያድናል።