በመድኃኒት ሰዓት መኖር፦ የፓርኪንሰን ሕመምና የዕለት ኑሮ

ፓርኪንሰን ያለበት ሰው እጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚንቀጠቀጠው ሥራ ሲፈታ ነው። ጭኑ ላይ ያረፈው እጅ ይርገበገባል፤ ለጉርሻ ወደ ገበታው ሲዘረጋ ጋብ ይላል። ሕዝቡ ሕመሙን የሚያውቀው በዚህ መንቀጥቀጥ ቢሆንም ኑሮን ይበልጥ የሚያከብደው ሌላው ነው፤ እንቅስቃሴው ይዘገያል፣ ሰውነቱ ይገተራል፣ ሚዛኑ ይናጋል። የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ራሱን የቻለ ሥራ ይሆናል። ድምፅ ይሰልላል፣ የእጅ ጽሑፍ እያነሰ ይሄዳል፣ ፊት ስሜትን ማሳየት ይተዋል። ቤተሰብ «አኮረፈን» ይላል፤ መንገደኛው ሰክሯል ብሎ ያልፋል። ሁለቱም ተሳስተዋል፤ በሽተኛውንም በጣም ይጎዱታል።

ሕመሙ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1817 ምልክቶቹን ጽፎ ካሳተመው እንግሊዛዊ ሐኪም ከጄምስ ፓርኪንሰን ነው። አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን ንጥረ ነገር የሚያመነጩ ሕዋሳት እየሞቱ ሲሄዱ እንቅስቃሴን የሚመራው ሥርዓት ይዛባል። ከመንቀጥቀጡ ዓመታት ቀድሞ የማሽተት ችሎታ ሊቀንስ፣ ሆድ ሊደርቅ፣ ሰውየው በእንቅልፍ ልቡ ሊጮኽና ሊራገጥ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ከ8.5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከሕመሙ ጋር እንደሚኖሩ ገምቷል።

የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለም። ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ግን ሌቮዶፓ አለ፤ አንጎል ውስጥ ገብቶ ወደ ዶፓሚን ይለወጣል። ዛሬ የሚሰጠው ካርቢዶፓ ከሚባል አጋዥ ጋር ተቀላቅሎ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቀኑን ሙሉ በደንብ ያንቀሳቅሳል። ሕመሙ እየገፋ ሲሄድ የአንዱ ክኒን ጉልበት ሌላው ሳይደርስ ያልቃል፤ ያው ሰው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ገበያ ወጥቶ፣ 5 ሰዓት ላይ ከወንበሩ መነሳት ያቅተዋል። ይህን ያላየ ዘመድ «ሲፈልግ ይችላል» ብሎ ይታዘባል። ከፓርኪንሰን ጋር መኖር ማለት በአመዛኙ የቀኑን ሥራ ከዚህ ከፍታና ዝቅታ ጋር ማስማማት ነው፤ ገላ መታጠብ፣ ባንክ መሄድ፣ እንግዳ መቀበል መድኃኒቱ በሚሠራበት ሰዓት ሲሆን ብዙ ነገር ይቃለላል።

የክኒኑ ሰዓት ግድግዳ ላይ ይጻፍ፤ ሲጻፍም በማን አቆጣጠር እንደሆነ ይለይ። ከውጭ አገር ታክሞ የመጣ አባት ወረቀቱ ላይ ያለውን 8 ሰዓት ልጁ ከቀትር በኋላ ነው ብሎ ቢረዳው የጠዋቱ መድኃኒት ስድስት ሰዓት ይዘገያል። ለሌላ በሽታ ያን ያህል ላያሳስብ ይችል ይሆናል፤ እዚህ ግን ሰውየው ግማሽ ቀን ታስሮ ይውላል።

ገበታችን ለብቻው ሊታሰብበት ይገባል። ፕሮቲን ሲፈጭ የሚወጡት አሚኖ አሲዶች ከሌቮዶፓ ጋር ለአንድ መንገድ ይሻማሉ፤ ስለዚህ ክኒኑን ከምግብ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ፣ ወይም ከበሉ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ መዋጥ ይመረጣል። ሥጋ ብቻ አይደለም፤ ሽሮና ምስርም ፕሮቲን ናቸው። ጀማሪን የሚያቅለሸልሸው ከሆነ ቁራሽ ዳቦ ይበቃል። የብረት ክኒን የሚወስድም ሁለቱን ማራራቅ አለበት። ባቄላ በተፈጥሮው ሌቮዶፓ ይዟል፤ በተለይ እሸቱ። ይህን የሰሙ ሰዎች መድኃኒቱን ትተው ወደ ባቄላ እንዳይዞሩ እፈራለሁ፤ መጠኑ ከእሸት እሸት ስለሚለያይ የሚለካ ነገር አይደለም።

ጾም ከባዱ ጥያቄ ነው። እስከ 6 ወይም እስከ 9 ሰዓት ውኃ የማይቀምስ ምእመን የጠዋቱን ክኒን ይዘላል፤ ረመዳንን የሚጾመውም እንዲሁ። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመ ሰው ፈቃድ አላቸውና የንስሐ አባትን ወይም ሼኹን ከሐኪሙ ጋር አገናኝቶ ማነጋገር ያስፈልጋል። ጸበል መጠመቅና መድኃኒት መዋጥም አይጣሉም። ሌቮዶፓን በአንድ ጊዜ ማቋረጥ ኃይለኛ ትኩሳትና የሰውነት መድረቅ አስከትሎ እስከ ሞት ሊያደርስ ይችላል። ይህን የምጽፈው ማንንም ለማስፈራራት ሳይሆን በትክክል የሚደርስ አደጋ ስለሆነ ነው።

ቤት ውስጥ ደግሞ የበር ደፍ አለ። ሰውየው በደህና እየተራመደ መጥቶ ደፉ ጋ ሲደርስ እግሩ መሬት ላይ እንደተጣበቀ ይቀራል። እጁን ይዞ መጎተት ይጥለዋል። የሚረዳው ትንሽ ቆም ማለት፣ «አንድ፣ ሁለት» ብሎ በምት መጀመር፣ ወይም ወለሉ ላይ በተለጠፈ መስመር ላይ መሻገር ነው። ሲዞር በአንድ እግር መሽከርከር ሳይሆን ሰፋ አድርጎ ግማሽ ክብ መሄድ ይሻላል። የሚያንሸራትት ምንጣፍ ይነሳ፣ ተረከዝ የማይዘው ነጠላ ጫማ ይቀየር፣ መጸዳጃ ቤቱ የሚይዙት ብረት ይተከልለት። ሲነሱ የደም ግፊት ሊወርድ ስለሚችል ከስግደት ወይም ከአልጋ ቀስ ብሎ መነሳት ይገባል። ቡና በሲኒው ግማሽ ይቀዳለት። ውኃ ትን የሚለው ከሆነ አገጩን ዝቅ አድርጎ በትንሽ በትንሹ ይጠጣ፤ ጉርሻም ከማጉረስ በፊት ይጠየቅ፤ ራሱ መብላት እየቻለ ሌላ የሚያጎርሰው ሰው የቀረውን አቅም ቶሎ ያጣል።

እንቅስቃሴ ከመድኃኒት ቀጥሎ የሚመጣ ሕክምና ነው። ታይቺ ሚዛንን እንደሚያሻሽል በጥናት ታይቷል፤ ምት ያለው ሙዚቃም እርምጃን ያግዛል። የትከሻ እስክስታ ለተገተረ ትከሻ ለምን እንደማይሞከር አይገባኝም።

ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ጥንቃቄ ይፈልጋል። ማስመለስን ለማስታገስ በየክሊኒኩ የሚታዘዘው ሜቶክሎፕራማይድ፣ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ሃሎፔሪዶልም ፓርኪንሰንን ያባብሳሉ። ለመንቀጥቀጡ የሚሰጠው አርቴን አረጋውያንን ግራ ሊያጋባ ይችላል። እንደ ፕራሚፔክሶል ያሉት የፓርኪንሰን መድኃኒቶች ደግሞ በአንዳንዶች ላይ የቁማር ሱስ ያመጣሉ፤ ቁጥብ የነበረ አባት ድንገት ቤቲንግ ቤት መመላለስ ከጀመረ ከመቆጣት በፊት ለሐኪሙ ይነገር።

በኢትዮጵያ የነርቭ ሐኪሞች ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም አዲስ አበባ ናቸው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሕክምና የስፔሻሊቲ ሥልጠና የተጀመረው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። ክብራ ከበደ፣ ራሷ ታማሚ ሆና ያቋቋመችው የፓርኪንሰን ሕሙማን ድጋፍ ድርጅት በመዲናዋ ሕሙማንን ያሰባስባል። ቤት ተዘግቶባቸው ለነበሩ ሰዎች እንደነሱ የሚንቀጠቀጥ ሌላ ሰው ማየት ምን ያህል እንደሚያጽናና መገመት ይቻላል፤ አብሯቸው የሚኖረው ድባቴም የሕመሙ አካል እንጂ የእምነት ማነስ አይደለም።

የአስታማሚዋ ነገርስ? ሌሊት በአልጋው ላይ መገላበጥ የማይችለውን ባሏን ተነስታ የምታገላብጠው፣ ጎህ ሳይቀድ ክኒኑን የምታቀርበው አብዛኛውን ጊዜ አንዲት ሴት ናት። ከአሜሪካም ከዱባይም መድኃኒት የሚልኩ ልጆች በሳምንት ሁለት ቀን የሚያግዛት ሰው ደመወዝም ቢልኩላት፣ እናታቸው እንቅልፏን ትተኛለች።