ለጊፋታ የትኛውን ፊልም እንይ?

የኦስካር ሰሞን ሲደርስ «የእኛስ ፊልም?» ማለታችሁ አይቀርም። ኢትዮጵያ «ድፍረት»ንና «ላምብ»ን ብትልክም ከመጨረሻዎቹ ዕጩዎች አልገቡም። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ግን እ.ኤ.አ. በ2009 የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት ወስዷል።

ለቤተሰብ የእኔ ምርጫ እ.ኤ.አ. በ2015 በካን የታየው የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ነው። እናቱ የሞተችበት ኤፍሬም፣ አባቱ ለሥራ አዲስ አበባ ሲሄድ ዘመድ ቤት ይቀራል። ምግብ ማብሰል ይወዳል፤ አጎቱ ግን አይወድለትም፤ የልጁንም በግ ለበዓል ሊያርድ ያስባል።

ሶዶም ሆነ ቦዲቲ፣ አባት ለሥራ የራቀበት ቤት ይህን ታሪክ ያውቀዋል። ልጆቻችሁ ለጊፋታ ሲሰባሰቡ አብራችሁ እዩት። ከዚያም ወንዱ ልጃችሁ «ወጥ ልሥራ» ቢል መልሳችሁ ምን እንደሚሆን ተነጋገሩ።