ዳታ ሲጠፋም የሚሠራው የትኛው ነው? ማይንክራፍት፣ ቴራሪያ፣ ሉዋንቲ እና ሮብሎክስ ሲወዳደሩ

እነዚህን ጌሞች የሚያወዳድሩ ቪዲዮዎች ዩቲዩብ ላይ ሞልተዋል። አብዛኞቹ የሚከራከሩት የማን ምስል ያምራል፣ የማን ዓለም ይሰፋል በሚለው ነው። ነፋስ መውጫ፣ አርብ ገበያ፣ ወገዳ ወይም መካነ ኢየሱስ ሆናችሁ ለምትጫወቱት ግን ጥያቄው ሌላ ነው። ኔትወርክ ሲጠፋ ይሠራል? 2 ጊጋ ራም ያለው ስልክ ይችለዋል? የዶላር ካርድ የሌለው ሰው በምን ይገዛዋል? መብራት በጠፋ ቀንስ ቻርጁን ምን ያህል ይበላል?

የኔትወርኩን ነገር ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልግም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ግጭቱ ሲቀሰቀስ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለወራት ቆየ። ያን ጊዜ ስልክ ማለት አስቀድሞ የተጫነበት ነገር ማለት ነበር። ያወረደ አወረደ፣ ያላወረደ ባዶ ስልክ ታቅፎ ከረመ። ስለዚህ አራቱን ጌሞች የምንመዝናቸው በዚሁ ሚዛን ነው።

መጀመሪያ ግን ምን ዓይነት ጌም እንደሆኑ እንግባባ። "ሳንድቦክስ" ይባላሉ፤ የአሸዋ ሣጥን እንደማለት ነው። ሕፃን ልጅ አፈር ላይ ቁጭ ብሎ ቤት ይሠራል፣ መንገድ ያወጣል፣ መልሶ ያፈርሳል። "ይህን ጨርስና ወደሚቀጥለው እለፍ" የሚለው የለም። እዚህም እንደዚያው ነው። ባዶ እጃችሁን ሰው በሌለበት ምድር ላይ ትገኛላችሁ። ዞር ዞር ብላችሁ ታስሳላችሁ፣ ያገኛችሁትን ትሰበስባላችሁ፣ ከሰበሰባችሁት መሣሪያ ትሠራላችሁ፣ ቤት ትገነባላችሁ፣ ሲመሽ ደግሞ ከሚመጣባችሁ ጋር ትታገላላችሁ። ልዩነታቸው አንዱ ለግንባታው፣ አንዱ ለውጊያው ማድላቱ ላይ ነው።

ማይንክራፍት፦ መገንባት ለሚወድ

ስዊድናዊው ማርከስ ፔርሶን በ2009 ጀመረው፣ ማይክሮሶፍት በ2014 በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ጠቅልሎ ገዛው፣ በ2023 ደግሞ ከ300 ሚሊዮን በላይ ቅጂ መሸጡ ተነገረ (የጌሞቹን ዓመታት የምንጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። ሁሉም ነገር ከብሎክ የተሠራ ነው። ዛፉን በቡጢ ትመታላችሁ። አዎ፣ በቡጢ። ከግንዱ ሳንቃ፣ ከሳንቃው የሥራ ጠረጴዛ፣ ከዚያ የእንጨት መቆፈሪያ ይወጣል። በእንጨቱ መቆፈሪያ ድንጋይ፣ በድንጋዩ ደግሞ ብረት ታወጣላችሁ፤ ብረቱን ምድጃ ውስጥ በከሰል ታቀልጣላችሁ። ሦስት ስንዴ በአንድ መስመር ስትደረድሩ ዳቦ ይሆናል። ማንም ሳያስተምራችሁ የትኛው ነገር ከየትኛው እንደሚሠራ እየገባችሁ ይሄዳል፤ የጌሙ ጣዕም እዚህ ላይ ነው።

ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ ስትሄዱ የምታልፏትን ክምር ድንጋይን አስቧት። ማይንክራፍት ውስጥ በብዛት የምታገኙት ብሎክ ተፈልጦ የወጣ ድንጋይ ነው። እንግዲህ ክምር ድንጋይን በክምር ድንጋይ የሚሠራ ልጅ እስካሁን አላየንም፤ የሠራ ካለ ፎቶውን ይላክልን። ነገሩ ቀልድ ብቻም አይደለም። የማይንክራፍት ባለቤት ሞያንግ ከተባበሩት መንግሥታት የሰዎች መኖሪያ ፕሮግራም ጋር በ2012 "ብሎክ ባይ ብሎክ" የሚባል ሥራ ጀምሮ ነበር። ናይሮቢ ኪቤራ ላይ የሰፈሩ ነዋሪዎች ሜዳቸው ምን እንዲመስል እንደሚፈልጉ በዚሁ ጌም ሠርተው አሳይተዋል። ፕላን ማንበብ የማይችል ሰውም ብሎክ መደርደር ይችላል።

ውጊያው ቀለል ያለ ነው። አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት 20 ደቂቃ ነው። ሲመሽ ዞምቢ፣ ቀስት የሚወረውር አጽም፣ ቀስ ብሎ ከኋላ መጥቶ የሚፈነዳ አረንጓዴ ክሪፐር ይመጣል። እዚህ ላይ አንድ ነገር እንበል። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ጦርነቱ ጋይንት ድረስ ዘልቆ ነበር፤ ከዚያም ወዲህ ብዙ አይተናል። ስልኩ ላይም ውጊያ ማየት የማይፈልግ ልጅ ቢኖር አይገርመንም። ማይንክራፍት ለዚህ መፍትሔ አለው፦ የጌሙን ክብደት "ፒስፉል" ላይ ስታደርጉት ጭራቅ የሚባል አይመጣም፣ ረሃብም የለም። ትሠራላችሁ፣ ትዞራላችሁ፣ በቃ። ታናናሽ ወንድምና እህቶቻችሁን የምታስጀምሩት በዚህ ቢሆን ጥሩ ነው።

ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ዋጋው 7 ዶላር ገደማ ሆኖ የሚከፈለው በዓለም አቀፍ ካርድ ነው። ሁለተኛ፣ ከባድ ነው፤ ብዙ መቶ ሜጋባይት ይወስዳል፣ ራም ያነሰው ስልክ ላይ ይጎተታል። አንዴ ከተገዛና ከተጫነ በኋላ ብቻችሁን ስትጫወቱ ግን ዳታ አይፈልግም።

ቴራሪያ፦ ከደጋ ወደ በረሃ መውረድ

ስማዳን የሚያውቅ ሰው ቴራሪያን ለመረዳት አይቸገርም። ከደጋው ተነስታችሁ ወደ በሽሎ ስትወርዱ አየሩም፣ ዛፉም፣ አፈሩም እየተቀየረ ይሄዳል አይደል? ቴራሪያ እንደዚያ ነው፤ ገደሉን በቢላ ሰንጥቃችሁ ከጎን ያያችሁት ይመስላል። ምስሉ ጠፍጣፋ ነው። ወደ ግራና ቀኝ ትሄዳላችሁ፣ ዋናው ጉዞ ግን ወደ ታች ነው። ከላይ ሣርና ዛፍ፣ ሥር ዋሻ፣ ከዚያ በታች ሌላ ዋሻ፣ መጨረሻ ላይ እሳት። ትንሹ ዓለም 4,200 ብሎክ ወርድና 1,200 ብሎክ ጥልቀት አለው፤ ትልቁ ደግሞ 8,400 በ2,400 ነው። ማይንክራፍት ላይ ዓለሙ አያልቅም፤ እዚህ ያልቃል። በዚያው ቦታ ግን ነገር ታጭቆበታል።

አሜሪካዊው አንድሩ ስፒንክስና ሪሎጂክ የሚባለው ድርጅቱ በ2011 አወጡት፤ ስልክ ላይ የመጣው በ2013 ነው። በጌሙ ውስጥ ከ5,000 በላይ ዓይነት ዕቃ አለ። ግንባታው ዓላማ አለው፦ ግድግዳ፣ በር፣ መብራት፣ ጠረጴዛና ወንበር ያሟላ ክፍል ስትሠሩ ነጋዴና ሐኪም እየመጡ ይከራዩታል (ኪራይ ባይከፍሉም)። ውጊያው ደግሞ የጌሙ ልብ ነው። ሌሊት የሚበር ግዙፍ ዓይን ይመጣባችኋል። እሱን ታሸንፋላችሁ፣ ሌላ ይመጣል። እሳቱ ውስጥ ያለውን የሥጋ ግድግዳ ስትጥሉ ጨረስን ስትሉ ዓለሙ በሙሉ ተቀይሮ ይከብዳል። እልህ ላለው ሰው የሚሆን ጌም ነው።

ዋጋው 5 ዶላር ገደማ ነው፤ ከማይንክራፍት ይረክሳል፣ ይቀላልም፤ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ስክሪኑ ትንሽ በሆነ ስልክ ላይ ግን በጣት እየነኩ መዋጋት ያናድዳል። ይህን ሳንነግራችሁ ብንቀር ትታዘቡናላችሁ።

ሉዋንቲ፦ ብዙ ሰው የማያውቀው

አሁን ወደምንፈልገው መጣን። ሉዋንቲን ፊንላንዳዊው ፔርቱ አሆላ በ2010 ጀመረው። እስከ 2024 መጨረሻ ስሙ "ማይንቴስት" ነበር፤ ዩቲዩብ ላይ ስትፈልጉ በድሮው ስም ብትፈልጉ ብዙ ታገኛላችሁ። ነፃ ነው። ማስታወቂያ የለውም። ኮዱ ክፍት ስለሆነ ማንም ሰው አይቶ ሊያሻሽለው ይችላል። ፈቃዱም ከስልክ ወደ ስልክ ማስተላለፍን አይከለክልም፤ በብሉቱዝ ለጓደኛችሁ ብትልኩለት ሕጋዊ ነው። ከአራቱ ውስጥ ይህን የሚፈቅድ ሌላ የለም።

ሉዋንቲ ራሱ ባዶ ቤት ነው፤ ጌሙን ውስጡ የምታወርዱት እናንተ ናችሁ። ስትከፍቱት የይዘት ገጽ አለው፤ እዚያ ገብታችሁ "ሚነክሎኒያ" ወይም "ቮክሰሊብረ" የሚሉትን (በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የተጻፉት) ብታወርዱ ማይንክራፍትን በጣም የሚመስል ጌም ታገኛላችሁ፦ እንጨቱ፣ ምድጃው፣ ዞምቢው ሁሉ አለ። ይህን ማድረግ ያለባችሁ ግን ኔትወርክ እያለ ነው። አውርዳችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ዳታው ለዓመት ቢጠፋም አይነካችሁም። ዓለሙ በየአቅጣጫው 62,000 ብሎክ ያህል ነው፤ ወደ ላይና ወደ ታችም ጭምር። ጉናን እውነተኛ ቁመቱን ጠብቃችሁ፣ አንዱን ብሎክ አንድ ሜትር አድርጋችሁ ብትሠሩት ይገባል። ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ስለሆነ ማይንክራፍት ላይ አይሞከርም፤ የዚያ ዓለም ከታች እስከ ላይ 384 ብሎክ ብቻ ነው።

ጉድለትም አለው። ምስሉ እንደ ማይንክራፍት የተወለወለ አይደለም፣ ጭራቆቹም አንዳንዴ ግራ የተጋቡ ይመስላሉ፤ ግድግዳ ጋ ቆሞ የሚቀር ዞምቢ ብታዩ አትደንግጡ። ስልካችሁ ከጎተተ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የእይታ ርቀቱን ቀንሱት። ሩቅ ያለው ተራራ ይጠፋል፣ ጌሙ ግን ይፈጥናል፣ ቻርጅም ይቆጥባል።

ሮብሎክስን በአጭሩ እንለፈው። ማውረዱ ነፃ ነው፣ በውስጡም ሰዎች የሠሯቸው እጅግ ብዙ ጌሞች አሉ። ግን ያለ ኢንተርኔት አንዷም አትሠራም። ዳታ ሲያልቅ እሱም ያልቃል። አዲስ አበባ ዋይፋይ ያለው ቤት ለሚኖር ዘመዳችሁ ተዉለት።

በነገራችን ላይ ሰርቫይቫልክራፍት የሚባልም አለ። እሱ ላይ ልብስ ሳትለብሱ ብርድ ቦታ ከቆያችሁ ብርዱ ይገድላችኋል። ነፋስ መውጫ ላደገ ሰው ከሁሉም በላይ እውነት የሚመስለው ይሄ ነው። ሙሉው የሚሸጥ ስለሆነ ብዙ አልሄድንበትም።

ያለ ዳታ አብሮ መጫወት

ብዙ ሰው የማያውቀው ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ማይንክራፍት፣ ቴራሪያና ሉዋንቲ በሆትስፖት ብቻ፣ ዳታ ተዘግቶ፣ ከጓደኞቻችሁ ጋር በአንድ ዓለም ውስጥ ያጫውቷችኋል። በማይንክራፍትና በቴራሪያ ግን ሁሉም ሰው ጌሙን መግዛት አለበት፤ ቨርዥኑም አንድ መሆን አለበት።

ሉዋንቲ ላይ ይቀላል። ጌሙን ማውረድ ያለበት አስተናጋጁ ብቻ ነው። ሌሎቹ ባዶውን ሉዋንቲ በብሉቱዝ ተቀብለው ቢጭኑት በቂ ነው፤ የቀረውን ስልካቸው ሲገናኝ በሆትስፖቱ ይቀበላል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ሻል ያለ ስልክ ያለው ልጅ ሆትስፖት ይክፈት። ሌሎቹ በዋይፋይ ይገናኙ። ሆትስፖት የከፈተው ልጅ ዓለሙን ሲያስነሳ ሰርቨር የሚለውን ሣጥን ምልክት ያድርግበት። የሚገቡት ደግሞ የዋይፋያቸውን ዝርዝር ከፍተው "ጌትዌይ" በሚለው ሥር ያለውን ቁጥር ያዩና፣ ሉዋንቲ ላይ የመቀላቀያው ገጽ ውስጥ አድራሻው ቦታ ይጻፉት፤ ፖርቱ 30000 ነው። ካልገባ ሁለታችሁም አንድ ዓይነት ቨርዥን መጫናችሁን አረጋግጡ። ሦስትና አራት ሆናችሁ ስትጫወቱ አንዱ ይቆፍራል፣ አንዱ ያርሳል፣ አንዱ ቤት ይሠራል፤ ብቻ ከመጫወት ጋር አይገናኝም።

"ክራክ" ስለሚባለው

ማይንክራፍትን በነፃ የምትጭኑት ከሞባይል ቤት ወይም ከቴሌግራም ቻናል ከሆነ አንድ ነገር እወቁ። በሌላ ሰው እጅ የተከፈተና የተቀየረ ኤፒኬ ውስጥ ምን እንደገባ አታውቁም። ቴሌብር ወይም የባንክ አፕ ያለበት ስልክ ላይ ደግሞ ይህ ቀልድ አይደለም፤ የማረጋገጫ ቁጥሩ የሚመጣው በኤስኤምኤስ ነው። ብሎክ የሚያስደረድር ጌም መልእክታችሁን ማንበብ፣ ስልክ መደወል፣ የስም ዝርዝራችሁን ማየት አያስፈልገውም። ከጠየቀ አትፍቀዱ፤ ፈቅዳችሁ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ፈቃዶቹን ገብታችሁ ዝጉ፣ ከዚያ አጥፉት። ስልኩ የእናታችሁ ወይም የአባታችሁ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ።

ስማቸው ማይንክራፍትን የሚመስል ነፃ ጌሞች ፕሌይ ስቶር ላይም ሞልተዋል። ከሉዋንቲ ኮድ ተቀድተው ማስታወቂያ የተጨመረባቸውም አሉ። ዋናው በነፃ እያለ ቅጂውን ከነማስታወቂያው መጫን ትርፉ ዳታ ማቃጠል ነው።

የእኛ ምርጫ? ገንዘብ ሳታወጡ፣ ከጓደኛ ጋር፣ ያለ ዳታ ከሆነ ሉዋንቲ። ውጊያ የምትወዱና ውጭ አገር ያለ ወንድም ወይም አክስት ካላችሁ በስጦታ የሚጠየቀው ቴራሪያ ነው። ስልካችሁ ጠንካራ ከሆነና የሚገዛላችሁ ካለ ማይንክራፍት።

ሚሞሪ ሞላ ብላችሁ ጌሙን ከማጥፋታችሁ በፊት ግን ቆም በሉ። አንድሮይድ ላይ አፑን ስታጠፉ የሠራችሁት ዓለምም አብሮ ይጠፋል፤ መልሳችሁ ብትጭኑት አይመለስም። ማይንክራፍት ዓለሙን በፋይል የሚያወጣ ኤክስፖርት የሚል ቁልፍ አለው። በሱ አውጥታችሁ ሚሞሪ ካርድ ላይ አስቀምጡት፣ ወይም ለታመነ ጓደኛ ላኩት።