የግጥም ሚዛን ሰምና ወርቅ ብቻ ነውን?

ግጥምን ግጥም የሚያሰኘው ምንድን ነው? ጥያቄው ለምሁራን ጉባኤ ብቻ የሚተው አይደለም። ከዝዋይ ሐይቅ ወደ አብጃታ ከሚወርደው ወንዝ ጋር ስም በምትጋራው ቡልቡላ፣ አማርኛና ኦሮምኛ በአንድ ደጃፍ ይነገራሉ። የቀበሌው ነዋሪና ሠራተኛው የገዛ ቅርሱ በማን ሚዛን እንደሚመዘን ሊጠይቅ ይገባዋል።

አንደኛው አስተሳሰብ ከቅኔ ቤት የመነጨ ነው። አንጥረኛ በሰም ቅርጽ ያበጃል፤ በጭቃ ይለብጠዋል፤ ሰሙን አቅልጦ በስፍራው ወርቅ ያፈስሳል። ባለቅኔውም ላይ ላዩን አንድ ነገር ተናግሮ ከሥሩ ሌላ ይቀብራል። ጥበቡ ረቂቅ ነው፤ በሁለት ቤት የምትቋጨው ጉባኤ ቃና ስንት ምሥጢር እንደምትሸከም የተማረ ያውቃል። ደካማውም ወገን ቅጣት ሳይደርስበት ኃይለኛውን የነቀፈው በዚሁ ስልት ነው። ይሁንና የግዕዝ ቅኔ ቁልፍ ለረጅም ዘመን በቤተ ክህነት ተማሪዎች እጅ ብቻ እንደ ነበረ መዘንጋት አይገባም። አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት «ሰምና ወርቅ» በተሰኘው መጽሐፍ፣ የአማራውን ባህል በዚሁ ስልት ሊተረጉሙ ሞከሩ። ከአንድ የግጥም ስልት የሕዝብን ጠባይ መቅዳት ከልክ ያለፈ ድፍረት ነው።

ሁለተኛው አስተሳሰብ ምጣኔንና ስሜትን ያስቀድማል። የቅኔ መምህር ልጅ የነበሩት መንግሥቱ ለማ በተራው ሰው አነጋገርና በቀልድ ገጠሙ። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በስማቸው የሚጠራውን «የጸጋዬ ቤት» አስለመዱ። ገብረ ክርስቶስ ደስታ የተለመደውን ምጣኔ ሰብረው ስሜታቸው በመራቸው ሄዱ።

የሥውርነትን ሚዛን ከሁሉ ይልቅ የሚያናጋው ግን ጌረርሳ ነው። የኦሮምኛ ግጥም ዋና ኃይሉ በትይዩነት ላይ ነው፤ አንዱ ስንኝ ያነሣውን ሐሳብ ተከታዩ በተመሳሳይ አገነባብና በተቀራራቢ ድምፅ ይመልሰዋል። ጀግንነቱም ብሶቱም በግልጽ ይዜማል። በታንግ ዘመን በቻይና የጸናው ባለ8 ስንኝ ግጥምም እንዲሁ ነው፤ መካከለኞቹ 4 ስንኞች ጥንድ ጥንድ ሆነው ቃል በቃል አንጻር ይቆማሉ። በዚያም አገር ክርክሩ አልቀረም። በ18ኛው መቶ ዓመት ሼን ደቺየን የጥንቱን ሥርዓት አርአያ አድርጎ ሲያስተምር፣ ዩዋን ሜይ ግጥም ከገጣሚው ከራሱ ስሜት መፍለቅ አለበት ሲል ተቃወመው። ዩዋን ሜይ ሴቶችን በደቀ መዝሙርነት ተቀብሎ ግጥም ማስተማሩ ወግ አጥባቂዎችን አስቆጥቶ ነበር፤ ነገሩ ማን ይግጠም የሚልም ጭምር ነበርና።

ስለዚህ በቀበሌ አዳራሽ የግጥም ውድድር ሲዘጋጅ ጌረርሳን «ወርቁ የታል?» ብሎ መጣል ፍርደ ገምድልነት ነው። ትይዩነቱንና ዜማውን ጠንቅቀው የሚያውቁ አረጋውያን ከዳኞች ወንበር ይቀመጡ።